ከተረከዝ እስከ ጆሮ

ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ... አንዲት አሮጊት ግድግዳ ላይ ከሰቀልኩት የዶቃ ክር ፊት ለፊት ቆመው፣ የልጅ ፀጉር እንደሚዳብስ ሰው አየሩን ሲዳብሱ አየሁ። እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ሚዛን ተፈሪ ከተማ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። የድሮዎቹን የአፍሪካ መንግሥታትና የባሕር ማዶ ንግዳቸውን ሳስተምር ሁሌ የሚያስቸግረኝ፣ ተማሪው ነገሩ ሩቅ አገር የሆነ ስለሚመስለው ነው። «እዚሁ እኛ ጋም እኮ ነበር» እላቸዋለሁ። ከዚህ ጫካ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ... ሰውም... ወራት በእግር ተጉዞ ባሕር ይደርስ ነበር። ከማዶ ደግሞ ጨርቅ፣ መዳብ፣ ዶቃ ይመጣል። ይጽፉታል፣ ለፈተና ያጠኑታል፣ በቃ።

ታደለች የምትባል ባዮሎጂ የምታስተምር ባልደረባ አለችኝ፤ የጌጫ ልጅ ናት። ከወር በፊት ወንድሟ ለቡና ችግኝ ጉድጓድ ሲቆፍር አንድ ትንሽ ገንቦ አገኘ። ውስጡ ሙሉ ሰማያዊ የብርጭቆ ዶቃ። ክሩ በስብሶ አልቋል፣ ዶቃው ግን ትናንት የተሠራ ነው የሚመስለው። «ለትምህርት ቤታችሁ ይሁን» ብሎ በእሷ ላከልኝ። የደስታዬን ነገር ተዉት።

አጠብኩት። አንድም ሳላስቀር በሲባጎ ሰካሁትና የትምህርት መርጃ ክፍላችን ውስጥ ሰቀልኩት። ከላይ የአፍሪካ ካርታ ስላለ ምስማሩን ዝቅ አድርጌ ነው የመታሁት። የክሩ ጫፍ ወለሉን ሊነካ ምንም አልቀረው። በሚቀጥለው ሰኞ ከዞን እንግዶች ስለሚመጡ ርዕሰ መምህሩም ወደደው።

ረቡዕ ጠዋት የጽዳት ሠራተኛችን እትዬ አሰለፈች የክፍሉን ቁልፍ አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«መምህር፣ ከዛሬ ጀምሮ ያንን ክፍል እኔ አልከፍትም።»

«ምን ተፈጠረ እትዬ?»

«በሩን ስከፍት ግድግዳው ጋ ልጅ የቆመች ይመስለኛል። ትናንትም፣ ዛሬም። ዛሬማ፣ ሚጣ በየት ገባሽ ብዬ አናገርኳት።»

ሳቅሁ። የጠዋት ብርሃን ነው አልኳት። አልሳቀችም።

በማግሥቱ የታደለች አክስት ዓይናቸውን ሊታከሙ ከጌጫ መጡ። ሰማንያን ያለፉ ይመስለኛል። አማርኛ ብዙም አይችሉም፤ ከታደለች ጋር በአገራቸው ቋንቋ በሸክኖኖ ነው የሚያወሩት። «ወንድሜ ያገኘውን ላሳያቸው» ብላ ይዛቸው ገባች።

በሩ ላይ ቆሙ። ዶቃውን ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ በታደለች በኩል ጠየቁኝ።

«ርዝመቱን ማን ነገረህ?»

«ማንም። ከገንቦው የወጣውን ሁሉ ሰካሁት፣ ይኸው ይሄን ያህል ሆነ።»

ቀስ ብለው ተጠጉ። መዳፋቸውን ምስማሩ ጋ አደረጉና በራሳቸው አማርኛ «ይሄ ጆሮ» አሉ። ጎንበስ ብለው የክሩን ጫፍ ነኩ። «ይሄ ተረከዝ።»

ከዚያ ለታደለች ብዙ ነገሯት። ታደለች መተርጎም አቁማ ታዳምጣለች። «ምን እያሉ ነው?» አልኳት፣ ሁለቴ። ቆይታ ነው የነገረችኝ።

የባሪያ ነጋዴዎቹ ልጅ የሚገዙት በቁመት ነበር። ከተረከዝ እስከ ጆሮ ግንድ ይለካሉ። የአክስትየው አያት፣ ታናሽ እህቷ ስትለካ አጠገቧ ቆማ አይታለች። ነጋዴው የዶቃውን ክር ልጅቷ ላይ ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ጆሮዋ ጋ ሲደርስ ቋጠረውና ዋጋዋ ብሎ ለአባትየው ሰጠው። አባትየው ተገዶ ይሁን ተቸግሮ የሚያውቅ የለም። ልጅቷን ወደ ባሕር ወሰዷት፣ በዚያው ቀረች። እናትየው ዶቃውን አንድ ቀን እንኳ አንገቷ ላይ ሳታደርግ በገንቦ ከታ ቀበረችው። የት እንደሆነ ሳትናገር ሞተች።

አክስትየው፣ «አያቴ የቤታችንን ምሰሶ እየነካች፣ እህቴ እስከዚህ ነበረች ትለኝ ነበር» አሉ። እጃቸውን ከምስማሩ ትንሽ ከፍ አደረጉና ያንን የማይታይ ፀጉር መዳበስ ጀመሩ።

ያቺ ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበርን። አራተኛ ያለ መሰለኝ። ግድግዳውን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። የአንደኛ ክፍል ተማሪ ቁመት ነው...

«ልውሰዳት» አሉኝ። ልውሰደው አይደለም ያሉት።

ርዕሰ መምህሩ አልተስማማም። «ይሄ ቅርስ ነው። እንግዳ ሊመጣ ነው፣ የትም አይሄድም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ እኔም ክፍል ውስጥ እንደዚያው ነው የማስተምረው። አክስትየው አልተከራከሩም። ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጠው እስኪመሽ ጠበቁ፤ ታደለች ነች ለምና ወደ ቤቷ የወሰደቻቸው።

አርብ በጠዋት ክፍሉን ራሴ ከፈትኩት። ምን አየህ ብላችሁ አትጠይቁኝ። ክሩን ከምስማሩ አወረድኩት። ብርጭቆ ነው፣ ዝናብ ሲዘንብ ያደረበት ቀዝቃዛ ክፍል ነው... እጄ ላይ ግን ሞቀኝ።

ወደ ጌጫ ሊመለሱ ስለነበር መናኸሪያ ሄጄ ለአክስትየው ሰጠኋቸው። ዶቃውን በጋቢያቸው ውስጥ አድርገው ጀርባቸው ላይ አዘሉት። ሚኒባሱ ውስጥ ሲገቡ ረዳቱ እጃቸውን ይዞ ደገፋቸው።

«እማማ፣ ሕፃን አዝለዋል እንዴ?»

«አዎ። ቤቷ ትሄዳለች።»

ረዳቱ ጀርባቸውን እንኳ አላየም። እጁን ዘርግቶ አጠገባቸው ያለውን መስኮት ዘጋና «ብርድ እንዳይመታት» አለ።

ዛሬ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዬን ተቀበልኩ፣ ቅር አላለኝም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው... ያን ሁሉ ስንነጋገር ስሟን አልጠየቅኩም።