ይቆይ የተባለው ቁጥቋጦ

ሳህሊቱ ሐብተማርያም ስትሰደብ መልስ አትሰጥም ነበር። ወላይታ ሶዶ አብረዋት ያደጉ ሁሉ ይህን ጠባይዋን ያውቁታል፤ ዝም ትላለች፣ ፊቷ ትንሽ ይለዋወጣል፣ ከዚያ ሌላ ወሬ ታነሣለች። የማያውቃት ሰው ታጋሽ ናት ይላል። ታላቅ እህቷ ይመኙሻል ግን «ከሳህሊቱ ጋር የተጣላ ቶሎ ብሎ ይታረቅ፤ እሷ ቂም አታበርድም፣ ታስቀምጣለች እንጂ» ትል ነበር። ቤተሰቡ ከቅድመ አያት ዘመን ከሰሜን መጥቶ እዚያው የከተመ ነው። አባታቸው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ሳህሊቱ የዕፅዋት ትምህርት ተምራ፣ ሁለተኛ ዲግሪዋን ይዛ ተመለሰችና በተወለደችበት ከተማ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆነች።

ከጉኑኖ ወጣ ብሎ ያለ አንድ የተራቆተ ኮረብታ ከሰውና ከከብት ንክኪ ተከልሎ እንዲያገግም ሲወሰን፣ ዕፅዋቱ ከዓመት ዓመት እንዴት እንደሚለወጡ የመከታተሉ ሥራ ለእሷ ተሰጠ። ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። ከኮረብታው ግርጌ እስከ አናቱ ትናንሽ አራት ማዕዘን ቦታዎች ተለክተው በየማዕዘኑ የብረት ካስማ ይተከላል። ከዚያ በየዓመቱ ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ዘር ሲይዝ እዚያው ቦታ ተመልሶ፣ ተንበርክኮ ማየት ነው፤ የትኛው በቀለ፣ የትኛው ጠፋ፣ ማን የማንን ቦታ ቀማ። የአንድ ዓመት እይታ ብዙ አይናገርም። ቦታው ሳይነቃነቅ ዓመታት ሲደራረቡበት ነው ነገሩ የሚገለጠው። ሳህሊቱ ይህን ሥራ የወደደችውም ለዚሁ ነው፤ መጠበቅ ለሚችል ሰው የተሠራ ሥራ ነበርና።

ኮረብታውን የማልማቱ ፕሮጀክት ኃላፊ ዶክተር ዓምደሚካኤል ይባላል። ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ፣ አንደበቱ የቀና፣ ጎብኚ ሲመጣ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ፊት ፊት የሚሄድ ሰው ነው። በኮረብታው ግርጌ የችግኝ ጣቢያ ሲያቋቁም ዙሪያውን የወፍ ቆሎ የሚባል ቁጥቋጦ አጥር አድርጎ አስተከለበት። አበባው ቢጫና ሮዝ ሆኖ ዓመቱን ሙሉ ያምራል፤ እሾኩም ከብት ያግዳል። ሳህሊቱ ግን አጥሩን ገና ስታየው አልወደደችውም። የወፍ ቆሎ በገባበት አርፎ አይቀመጥም። ፍሬውን ወፍ ለቅማ ዳገቱን ሁሉ ትዘራዋለች፤ አንዴ ጫካ ከሆነ ሌላ ተክል አያስጠጋም፤ ከብት ተርቦ ከበላው ጉበቱን ይመርዘዋል።

በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ እጇን አወጣች። «ያ አጥር አሁኑኑ ተነቅሎ ይቃጠል። ትንሽ ከቆየ ኮረብታውን እንዳለ ይወስድብናል» አለች።

ዓምደሚካኤል እስክትጨርስ ጠበቃት። የወረዳ ሰዎች፣ ባልደረቦቿ፣ ተማሪዎቿም ሳይቀሩ ተቀምጠዋል። «እኛ ደን እናለማለን፤ ሳህሊቱ ተንበርክካ ሣር ትቆጥራለች። ሣር ሲቆጥር የሚውል ሰው አበባ ቢያስፈራው ምን ይገርማል?» አለ።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሟ «ሣር ቆጣሪዋ» ሆነ፤ ከኋላዋ ይጠሯታል፣ አንዳንዴም ከፊቷ። ይህ ብቻ ቢሆን ምናልባት ይወጣላት ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት ለሦስተኛ ዲግሪ ውጭ አገር የመሄድ ዕድል ደርሷት፣ የአለቃዋ አስተያየት ሲጠየቅ፣ ዓምደሚካኤል «ከሰው ጋር ተግባብቶ መሥራት ያስቸግራታል» አለና ዕድሉ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ቢሮው ገብታ ለምን እንዲህ እንዳለ ጠየቀችው።

«ገና ልጅ ነሽ ሳህሊቱ፤ ትደርሺበታለሽ» አላት፣ ከሚያነበው ወረቀት ቀና ሳይል።

«እሺ ዶክተር» ብላ ወጣች። በሩንም ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው።

በዓመቱ ወደ ኮረብታው ስትመለስ ያለችው ነገር ደርሶ አገኘችው። በታችኛዎቹ የቅኝት ቦታዎች ውስጥ፣ በሰንበሌጡ ሥር፣ ጥቃቅን የወፍ ቆሎ ችግኞች ብቅ ብለዋል። ቅጠሉን በጣቷ አሸት አድርጋ አሸተተችው። ያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ታዝን ነበር። አሁን የተሰማት ደስታ ነው። መጀመሪያ አፈረችበት፤ ቆየት ብላ ማፈሩንም ተወችው።

ዕቃዋን ስትሸክፍ ባዳቾ መጣ። ባዳቾ ቤቱ ከኮረብታው እግር ሥር ነው፤ ገበሬዎቹ ክልሉን እንዲጠብቅ የመረጡት ቁም ነገረኛ ሰው። አማርኛው አንዳንዴ ወንዴና ሴቴ ያምታታል፣ ሐሳቡ ግን የጠራ ነው።

«ሳሮ ቲቸር» ብሎ በወላይትኛ ሰላም አላት። «እቺ ነገር ከአጥር አልፎ መጣ። አየሽ? እኛ ተነጋግረናል። ቅዳሜ ጎረቤት ሁሉ ዶማ ይዞ ይወጣል፣ እንነቅላለን። አንቺ ምን ትያለሽ?»

ሳህሊቱ ዳገቱን ቀና ብላ አየችው። ችግኞቹ ገና ጣት አያክሉም። ጎረቤቱ አንድ ላይ ቢወጣ ከቀትር በፊት ያልቃል። ያን ጊዜ ዓምደሚካኤል «የታል የፈራችሁት?» ብሎ ይስቃል፤ እሷም ሣር ቆጣሪ ሆና ትቀራለች።

«አይነቀል» አለች። «ይቆይ። ጥናት ላይ ነው።»

«እስከ መቼ?»

«እኔ እስክነግራችሁ።»

ባዳቾ ትንሽ አሰበ። ይህች ሴት ቤቱ ገብታ ከእንሰት የተሠራ ሙቹዋ በልታለች፤ የሣሩን ስም በወላይትኛ ከሚስቱ ጠይቃ ተምራለች፤ ጎብኚ ሳይኖርም ትመጣለች። «አንቺ ካልሽ ይቆያል» አለና የቅዳሜውን ሥራ አስቀረ።

ዓመታት አለፉ። ሳህሊቱ ጥቅምት በመጣ ቁጥር ከሶዶ ሚኒባስ ተሳፍራ ጉኑኖ ትወርዳለች፤ ከዚያ በእግሯ ትወጣለች። በየቦታው ትንበረከካለች፤ ሁልጊዜም ከዚያው ካስማ አጠገብ ቆማ፣ ወደዚያው አቅጣጫ ዞራ ፎቶ ታነሣለች። በመጀመሪያ ማገጥ የሚሉት የከብት መኖ ጠፋ። ቀጥሎ ሰንበሌጡ ሳሳ። ራሳቸውን ችለው የበቀሉት የወይራ ቡቃያዎች ብርሃን አጥተው ቀጠኑና ደረቁ። የወፍ ቆሎው ከወገብ አለፈ፤ ቀጥሎ ከራስ አለፈ፤ ወደ አንዳንዱ ቦታ ለመግባት ገጀራ አስፈለጋት። ክንዷ በእሾኩ እየተቧጨረ ትመለሳለች። በመንገድ ላይ ከቁስሉ ይልቅ የሚሰማት ያ ደስታ ነው።

ከተማ ስትገባ ለዓምደሚካኤል ሰላምታ ትሰጣለች። ከሩቅ ሲታይ ኮረብታው አረንጓዴ ነው፤ እሱም እንግዳ እያመጣ ከአስፋልቱ ዳር ያሳያል፣ ይሸለማል። ሳህሊቱ ስታጨበጭብ የመጀመሪያዋ ናት። እንዲያውም አንድ ትልቅ ጉባኤ ላይ ሥራውን እንዲያቀርብ ሐሳብ ያነሣችው እሷው ናት። ከፍ ብሎ እንዲወድቅ ነበር የምትፈልገው።

ይመኙሻል ይህን ሁሉ የምታውቅ ብቸኛ ሰው ነበረች። በፍልሰታ ጾም አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጠየቀቻት።

«ከብት እንደሚመርዝ ለገበሬዎቹ ነግረሻቸዋል?»

«ጊዜው ሲደርስ።»

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አለች ይመኙሻል። ሳህሊቱ ነጠላዋን አስተካክላ ስለ ሽሮ ማስፈጨት አወራች።

ከዚያ በልግ የከዳበት ዓመት መጣ። ገበሬዎቹ ከክልሉ ሣር አጭደው ለከብት እንዲወስዱ ይፈቀድላቸዋል፤ የሚታጨድ ሣር ግን አልተረፈም። ባዳቾ ስልክ ደወለ። «ቲቸር፣ ላሙ ታሟል። ጥላ ብቻ ይፈልጋል። ሐኪም ታውቂ እንደሆነ» አላት።

በማግስቱ የእንስሳት ሐኪም ይዛ ሄደች። ላሟ ከእንሰቱ ሥር ተኝታለች። አፍንጫዋ ዙሪያ ቆዳው ተገሽልጦ ቀይ ሥጋ ይታያል፤ የዓይኗ ነጩ ቢጫ ሆኗል። ሐኪሙ ምን እንደበላች ጠየቀ። የባዳቾ ሚስት ወደ ኮረብታው አመለከተች፤ ገመድ በጥሳ ገብታ ቅጠሉን ስትግጥ ውላለች። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። ከቀናት በኋላ ላሟ ሞተች። ወተቱና ቅቤው ይቅር፣ ያለ እበት ማዳበሪያ ያ እንሰት ምን እንደሚሆን ሳህሊቱ አላጣችውም። ግን ያን ዕለት ከእንሰቱ ሥር ሆና፣ ከሁሉም ነገር በፊት የመጣላት ሐሳብ «አሁን ማስረጃው ሞላ» የሚል ነበር። ስልኳን አወጣችና የላሟን ፊት ፎቶ አነሣች።

ብዙም ሳይቆይ ፕሮጀክቱን የሚገመግሙ ሰዎች ከአዲስ አበባ መጡ። በሶዶ አንድ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ፤ ገበሬዎቹም መጡ። ዓምደሚካኤል አማረበት፣ ተናገረ፣ ተጨበጨበለት። ሳህሊቱ ቀጥላ ተነሣችና ስለ ዕፅዋቱ ክትትል ለመናገር ጥቂት ደቂቃ ለመነች። ሁሉም ፈቀዱላት።

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ከአንድ ካስማ የተነሡትን ፎቶዎች በየዓመታቸው አሳየች። ሰንበሌጥ፤ ሰንበሌጥና ጥቂት ችግኝ፤ ግማሽ በግማሽ፤ ከዚያ አበባ ብቻ። ከሌላ ካስማም እንደዚሁ፤ ከሌላም። በመጨረሻ የላሟን ፊት አሳየች።

«ይህን ተክል ማን አስገባው?» አሉ ከገምጋሚዎቹ አንዱ።

«እሱን ዶክተር ቢመልሱት ይሻላል» አለችና ተቀመጠች።

ዓምደሚካኤል ተነሣ። ስለ አጥር፣ ስለ ውበት፣ ስለ ጊዜው ሁኔታ ተናገረ። አንድ ሰው ያስጠነቀቀው እንደነበር ተጠየቀ። ዓይኑ አዳራሹን ዞረና እሷ ላይ አረፈ። የፈለገችው ይህችን እይታ ነበር፤ ለዚህች ብላ ስንት ጥቅምት ኮረብታውን ወጥታለች። ጣፋጭ ነበረች፤ ካሰበችው በላይ።

በዕረፍቱ ሰዓት ባዳቾ ከበሩ ውጭ ጠበቃት። የተሰጠውን ለስላሳ ሳይከፍት በእጁ ይዞታል።

«ያ ሁለተኛው ፎቶ» አለ። «ችግኙ ትንሽ የነበረ ጊዜ። እኔ ልነቅል ያልኩት ያን ጊዜ ነው።»

«አዎ።»

«ከብት እንደሚገድል ታውቂ ነበር?»

መዋሸት ትችል ነበር። «አውቅ ነበር» አለች።

ባዳቾ ጠርሙሱን ከደረጃው ላይ አስቀመጠና ሄደ።

ዓምደሚካኤል ከኃላፊነቱ ተነሣ፤ ብዙም ሳይቆይ ዝውውር ጠይቆ ከተማውን ለቀቀ። በቦታው ሳህሊቱ ተሾመች። «ሣር ቆጣሪዋ» የሚላት ጠፋ። በጥቅምት እንደ ልማዷ ጉኑኖ ወርዳ ወደ ኮረብታው ስትወጣ ግን ዳገቱ ሌላ ሆኖ ቆያት። የወፍ ቆሎው ተነቅሎ ተቃጥሏል፤ አመዱ ገና አለ። ካስማዎቹ የሉም። አንድም አልቀረም። ያለ እነሱ የትኛው ቦታ የት እንደነበር ማንም ሊያገኘው አይችልም፤ የደከመችበት ክትትል እዚያ ላይ ተቆረጠ።

ከባዳቾ ደጅ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ጠበቋት። ቦታ ሰጧት፣ ውኃ ሰጧት። የተናገረው ባዳቾ ነው።

«ዶክተሩ አጥር ተከለ፤ ሲነገረው አልሰማም፣ ሞኝ ነው። አንቺ ግን አውቀሽ ይቆይ አልሽኝ። እሱን ልትመቺ ፈለግሽ፤ በእኔ ላም መታሽው።»

«ላም እተካልሃለሁ» አለች ሳህሊቱ።

«አልቀበልም። ከተቀበልኩ ይቅር ብያለሁ ማለት ነው። ይቅር አላልኩም።»

ሽማግሌዎቹ ተነጋገሩና ፈረዱ፤ ከዛሬ ጀምሮ ያንን ኮረብታ እንዳትረግጥ። ሳህሊቱ ፍርዱን ተቀበለችና ወደ ከተማ ተመለሰች። ያን ምሽት ይመኙሻል ወሬውን ሰምታ ጥላት አልሄደችም፤ አልቆጣቻትምም። ቆጨሽ ወይ ብላ ብቻ ጠየቀቻት።

«ላሟ ታሳዝነኛለች። ባዳቾም ያሳዝነኛል» አለች ሳህሊቱ። «ዓምደሚካኤል ላይ ያደረግሁትን ግን ዛሬም ቢሆን እደግመው ነበር።»

በሚቀጥለው ዓመት ይስሐቅ የሚባል አዲስ መምህር ተቀጠረና ኮረብታው ላይ ክትትሉን እንደ አዲስ ልጀምር አለ። ባዳቾ ፈቀደለት፤ በአንድ ነገር ብቻ አስማለው። ይስሐቅ ቦታዎቹን ለካ፣ ካስማ ተከለ፣ በየጥቅምቱም ይመላለስ ጀመር። የመስክ መኪና ፈቃዱን የምትፈርመው ሳህሊቱ ናት። አንድ ቀን ሊሄድ ሲል ብዕሩን እንደያዘች ጠየቀችው።

«ወይራው በቅሏል?»

ይስሐቅ መሬት መሬት አየ። «ምን እንዳለ እንዳልነግርዎት ቃል አስገብተውኛል» አለ።

ሳህሊቱ ፊቷ ትንሽ ተለዋወጠ። ፈቃዱን ፈረመችና፣ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ሾፌሩ በዝግታ እንዲነዳ ንገረው አለችው።