አባቴ የደፋው የድመት መኝታ

ከዳባት በላይ ባለው ደጋችን ሳል የማይይዘው ሰው ስለሌለ፣ የአባቴን ሳል መጀመሪያ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። እኔ ያን ጊዜ ጎንደር ከተማ፣ ከአክስቴ ከአባቴ ታላቅ እህት ዘንድ ሆኜ እማር ነበር። ክረምት ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ ወደ ቤት ብመለስ፣ አባቴ ሌሊቱን መደቡ ላይ ተቀምጦ የሚያነጋ ሰው ሆኖ ጠበቀኝ። ትምህርቴን እንዳልተው ብሎ፣ ሳይነግረኝ ጎንደር ወርዶ ታይቷል። ሐኪሙ ደረቱን አዳምጦ፣ መድኃኒት ሰጥቶ፣ የቤቱን ነገር ሁሉ ከጠየቀው በኋላ፣ "ከድመት ጋር መተኛት ይቅርብዎ፤ ጠጉሯ ለደረትዎ ጠላት ነው" ብሎታል።

ድመቲቱ ዳለቻ ናት። የመጣችው ጎታውን ከአይጥ ልትጠብቅ ነበር። አባቴ ግን ገና ግልገል ሳለች በጋቢው ውስጥ አሳደጋትና የጎታ ዘበኝነቱ ቀርቶ ደረቱ ላይ እመቤት ሆነች። እናቴ ይህ አይዋጥላትም። ሁሉ ነገር ቦታ ቦታውን ካልያዘ ዕረፍት የማታገኝ ሴት ነበረች፤ ድመት ከጎታ፣ ውሻ ከደጅ፣ ሰው ከመደብ።

"ሰው የሚያውቅ ውሻ ነው" ትለው ነበር አባቴን። "ድመት የምታውቀው ቤት ነው። ነገ አንቱ ባይኖሩ የሌላ ሰው ደረት ላይ ትተኛለች።"

እንዲህ ስትል ሁላችንም እንስቅ ነበር።

ከሐኪሙ ትእዛዝ ወዲህ እናቴ ድመቲቱን ማታ ማታ ከጎታው ጓዳ ትቆልፍባታለች። ድመቲቱ ከበሩ ወዲያ ስትጮህ፣ አባቴ ከበሩ ወዲህ ሲያዳምጣት ይነጋል። "ሐኪሙ ያየው ትንፋሼን ነው፤ እንቅልፌን አላየም" አለኝ አንድ ቀን። ዓይኑ ጎድጉዶ ነበር። አባቴን ከማንም አብልጬ ነበር የምወደው፤ ድመቲቱ ብትገባ ትንፋሽ ማጣቱ፣ ብትወጣ እንቅልፍ ማጣቱ ሊገድለው ነው ብዬ ፈራሁ።

መላ የመጣልኝ ከትምህርት ቤት ነው። በእጅ ሥራ ክፍል በሁለት ረጃጅም መርፌዎች ሹራብ መሥራት ተምረን ነበር፤ በአገራችን እኔ ብቻ የማውቀው ጥበብ ስለሆነ ኩራቴ ቤት አይበቃውም። ለድመቲቱ የራሷ መኝታ ልሠራላት አሰብኩ፤ ክብ፣ ጎድጓዳ፣ ሙቀት ያለው። ከአባቴ መደብ ራቅ ብሎ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ እሱ ያያታል፣ እሷም ታየዋለች፣ ጠጉሯ ግን ከደረቱ አይደርስም።

"ለድመት መኝታ!" አለች እናቴ። "ምነው፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ አለቀ?" እያለችም የበጉን ጠጉር አወጣች፣ በደጋን አስነደፈች፣ ፈተለች። የእናቴ አፍና እጅ ተስማምተው አያውቁም።

ድመቲቱ ተጠቅልላ ስትተኛ በክንዴ ለካኋትና ሠራሁት። እናቴ ወደ ብርሃን አንሥታ አየችው። "ወንፊት ነው የሠራሽ፤ ብርዱን ሁሉ ያሳልፋል። እንደ ባና ይረገጥ" አለች። ባና የምንለብሰው ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ነው። ከሸማኔ ከመጣ በኋላ ድርና ማጉ እርስ በርሱ እስኪያያዝ በፍል ውሃ ይረገጣል፤ ሲረገጥ ጠበብ እንደሚልም ስለሚታወቅ ለሸማኔው ሰፋ ተደርጎ ይታዘዛል። እኔም ይህንኑ አስቤ ጥቂት አስፍቼው ነበር።

ገበቴው ውስጥ ከፍል ውሃና ከእንዶድ ጋር ነከርነውና እኔና እናቴ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘን እንረግጠው ጀመር። ውሃው ሲበርድ ሌላ ይጨመራል፤ እግራችን ፍም መሰለ። ከእናቴ ጋር እንዲያ ተቃቅፈን የሠራነው ሌላ ሥራ አላስታውስም። ለባና በሚበቃው ልክ ረገጥነው። ግን በሸማኔ እጅ ጠብቆ የተሠራና በመርፌ ላልቶ የተሠራ ነገር እኩል አይረገጥም ኖሯል። እኔ የመርፌውን እንጂ የእግሩን አላውቅም፤ እሷም የእግሩን እንጂ የመርፌውን አታውቅም።

ሲወጣ ዶሮ እንኳ የማትታቀፍበት፣ ወፍራምና ድርቅ ያለ ትንሽ ነገር ሆኖ ወጣ። "ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል" አለች እናቴ፤ እኔን ይሁን ራሷን እንጃ። በንዴት አለቀስኩ። አባቴ ግን ከተቀመጠበት እጁን ዘረጋና ተቀበለኝ፤ አገላብጦ አየው፤ ራሱ ላይ ደፋው። እስከ ጆሮው ልክክ አለ።

"ሸጋ ነው" አለ። "ራሴን ይበርደኝ ነበር።"

እናቴ ሳቋን መያዝ አቃታት። አባቴም ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረና ሳቃችን እዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ቆቡን አላወለቀም። የሚያወልቀው ለጸሎትና ለድመቲቱ ብቻ ነው። ቀን ቀን ፀሐይ ሲሞቅ አውልቆ ከእግሩ ሥር ያስቀምጥላታል። እሷም ትመጣና ራሷንና የፊት እግሮቿን ከትታ፣ የቀረው ገላዋ ውጭ እንደ ፈሰሰ ትተኛለች። ስትነሣ መልሶ ይደፋዋል። እናቴ ባየች ቁጥር ትጮሃለች። "ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ! ሐኪሙ የከለከለውን ጠጉር ራስዎ ላይ ጭነው ይዞራሉ?" እሱ ይስቃል። እኔ በሁለቱም እናደድ ነበር፤ የድካሜ ፍሬ አንዱን ከሌላው ሊለይ ተሠርቶ ይበልጥ ስላገናኛቸው።

መስከረም ላይ ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ። ብርዱ ሲጠና አባቴ እንደ ሞተ መርዶ መጣ። አክስቴና እኔ ጣሊያን በሠራው መንገድ በጭነት ማኪና ዳባት ደርሰን፣ የቀረውን በእግራችን ወጣነው። ቀብሩ አልፎ ነበር። አፈሩን እንጂ አባቴን ሳላይ ቀረሁ፤ ይህ ዛሬም ያቃጥለኛል።

እናቴን ያገኘኋት ሥራ ላይ ነው። ሰው ታስቀምጣለች፣ ዕቃ ታነሣለች፣ ዓይኗ ደረቅ ነው። አክስቴ ይህን አይታ፣ እናቴ እየሰማች፣ "ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም" አለች። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ በልቤ ታዝቤያት ነበር።

በሣልስቱ የአገሩ ሰው ሜዳው ላይ ክብ ሠራ። በእኛ አገር የሟች ልብስና መሣሪያ ይወጣና አልቃሿ አንድ በአንድ እያነሣች ሙሾ ታወርዳለች፤ ሰውም ሟቹን በልብሱ እያየ ያለቅሳል። በርኖሱ ወጣ፣ ጠመንጃው ወጣ፣ በትሩ ወጣ።

"ቆቡስ?" አለች አክስቴ። "ኋላ ኋላ ሰው ያየው በእሱ ነው አሉ። ያለ እሱ ምኑን ወንድሜ ነው? ሂጂ አምጭው።"

ወደ ቤት ገባሁ። ድመቲቱ መደቡ ላይ ናት። እሱ ይተኛበት ከነበረው ቦታ፣ ራሷንና የፊት እግሮቿን ቆቡ ውስጥ ከትታ ተኝታለች። ከፊቷ ወተት በጣባ ተቀምጧል፤ አልተነካም፣ ቅባቱ ሰፍፎበታል። እጄን ወደ ቆቡ ስሰድ አልቧጠጠችኝም፤ ብቻ ራሷን ይበልጥ ወደ ውስጥ ቀበረች።

ዞር ስል እናቴ ከኋላዬ ቆማለች። ወተቱን ያስቀመጠችው እሷ እንደሆነች ያን ጊዜ ገባኝ። ድመት ከመደብ ላይ በእሳት መቆስቆሻ ታባርር የነበረችው እናቴ፣ ከመሬት የወደቀውን የአባቴን ጋቢ ጫፍ አንሥታ አለበሰቻት።

"ኧረ ምነው ቆያችሁ? ተገኘ?" አለች አክስቴ ከውጭ።

"አልተገኘም፣ እታለም" አለች እናቴ፣ ቆቡን እያየች።

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ሰው ታውቃለች ለካ" አለችኝ፤ ትከሻዬን ያዘችና፣ ያን ሁሉ ቀን የያዘችውን እንባ ለቀቀችው።