«ሕጉን ያሳዩኝ» ያለችው ልጅ

ያን ጊዜ ሚዛን ተፈሪ በአንድ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሚሊሻው አንዲት ቀጭን ልጅ ይዞ መጣ።

«ቤት ለቤት እየዞረች ገንዘብ ስትለምን ያዝኳት» አለ ለሊቀመንበራችን።

በላስቲክ የጠቀለለችውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የዩኒቨርሲቲ ምደባዋ ነበር፤ ባሕር ዳር ደርሷታል። በቴፒ መንገድ ካለ የገጠር መንደር መጥታ፣ እዚህ ከተማ ሰው ቤት እየሠራች ነው አሥራ ሁለተኛን የጨረሰችው። እናቷ በሰው ማሳ ቡና ትለቅማለች።

«ትምህርቱን መንግሥት ይችልልኛል። መሄጃና ብርድ ልብስ ነው ያጣሁት» አለች። አማርኛዋ ውስጥ የሸኮ ቋንቋ ቃና ይሰማል።

ሊቀመንበሩ በዕድሜ የገፉ፣ ቁጡ የሚመስሉ ሰው ነበሩ። «ልጄ፣ ያለ ፈቃድ እርዳታ መሰብሰብ በሕግ ክልክል ነው» አሏት።

«የትኛው ሕግ ነው ጋሼ? ሕጉን ያሳዩኝ፣ እተዋለሁ።»

እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ደግሞ ወደ መደርደሪያው። ስንቱን የክልከላ ማስታወቂያ ስጽፍ ኖሬ ሕጉን አንድም ቀን ገልጬ አላየሁትም።

ይቆጧታል ብዬ ስጠብቅ ኮታቸውን አነሱ። «እኔም አላውቀውም። ነይ፣ እንጠይቅ።»

ሦስታችንም ጭቃውን እየረገጥን ወደ ወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ሄድን። ዐቃቤ ሕጉ ወጣት ነው፤ ጥያቄውን ሰምቶ መጽሐፍ ሲያገላብጥ ቆየ። «በድርጅት ስም ከሕዝብ መሰብሰብ ፈቃድ ይጠይቃል። የራስን ችግር ለጎረቤት ነግሮ እርዱኝ ማለት ግን፣ እውነት እስከሆነ ድረስ፣ እኔ እንደሚገባኝ ወንጀል አይደለም» አለን።

ልጅቷን ግን ይህ አልበቃትም። «እንግዲያው ምደባዬ እውነት መሆኑን ቀበሌው ይጻፍልኝ። ሰው እንዳይጠራጠረኝ።»

ጻፍኩላት፤ ሊቀመንበሩም ለአሥራ አምስት ቀን ያገለግላል ብለው ፈረሙበት። በማግስቱ መጀመሪያ ያንኳኳችው የሚሊሻውን በር ነው። ከሣጥን ያልወጣ ብርድ ልብስ ሰጣት። የቸርች እናቶች ሹራብ አዋጡ፤ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር እስከ ጅማ በነፃ ሊያደርሳት ቃል ገባ፤ የቀረው መሳፈሪያም ከየቤቱ ተዋጣ።

በአራተኛው ቀን ደብዳቤውን ልትመልስ መጣች።

«ገና ጊዜ አለሽ እኮ!» አልኳት።

«የጎደለኝ ሞልቷል። ከዚህ በላይ ብጠይቅ ውሸት ይሆንብኛል።»

ከዓመታት በኋላ ማሻ ከተማ ለሥራ ሄጄ አገኘኋት፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ታስተምራለች። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ሊቀመንበሩ ነው። ማረፋቸውን ነገርኳት።

«የሚያውቁ መስለው ቢያባርሩኝ ማን ይጠይቃቸው ነበር?» አለች። «አላውቅም ያለኝ ባለሥልጣን እሳቸውን ብቻ ነው ያየሁት።»