በየጠዋቱ የጠራሁት ቃል

ምስጢር አወጣህ ብለው ሦስት ጥርሴን አወለቁ። ምስጢሩ የተጻፈ ቃል ነበር፤ እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ሀን ከለ የማልለይ ሰው ነበርኩ።

ይህን ያስታወሰኝ ያለፈው ሳምንት ባንክ ቤት የገጠመኝ ነው። ስልኬን የምታስተካክልልኝ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ማንም የማይገምተው የምስጢር ቃል ይምረጡ» አለችኝ። ሳቄ መጣ። ስስቅ ክፍተቱ ይታያልና አፌን በእጄ ከደንኩ።

የአፍደም ልጅ ነኝ። በሃያ አራት ዓመቴ ጅጅጋ ገብቼ የአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ክፍል ዘበኛ ሆንኩ። የክፍሉን ጥበቃ የነደፈው ኢንጂነር ታደለ የሚባል የአዲስ አበባ ሰው ነው። ሦስት የብረት በር፣ በጣት አሻራ የሚከፈት ቁልፍ፣ የሚገባው ሰው ሁሉ ስልኩን የሚያስቀምጥበት ሣጥን። ዘበኛውንም ራሱ መረጠ።

«ማንበብ ትችላለህ?»

«አልችልም።»

«ጎሽ! አንተን ነው የምፈልገው።»

አራተኛው በር መሃይምነቴ ነበር።

ታደለ የሚጽፈው በግራ እጁ ነው። ጅጅጋ ሰውን በአካሉ ትጠራለች፤ አንካሳውን አንካሳ፣ አንድ ዓይናውን አንድ ዓይና ትላለች፣ የሚቀየምም የለም። እሱንም ጉሬይ አልነው፤ በሱማልኛ ግራኝ ማለት ነው። ወደደው። አቧራ ያዘለው የጠዋት ንፋስ ሲነፍስ፣ በሩ ፊት የምትሸጠው ሴትዮ ላሁህ የሚሉትን ስስ ቂጣ በቅቤና በስኳር፣ ሻይ በግመል ወተት ታቀርብልናለች። እኔ ገና ከመኪና ሲወርድ እጮሃለሁ፦

«ጉሬይ! ዛሬም በግራ ጎንህ ተነሣህ?»

«አንተስ ሮብሌ፣ በቀኝህ ተነሥተህ የት ደረስክ?»

አንድ ሰኞ ትልቅ ዶሴ ተደምስሶ ተገኘ። በሮቹን የነካ የለም፤ አንድ ሰው ከሌላ ክፍል ኮምፒውተር ላይ የታደለን የምስጢር ቃል አስገብቶ ነው። መርማሪዎች መጥተው እኔን ዕቃ ቤት አስገቡኝ።

«ቃሉን ለማን ሰጠህ?»

«የትኛውን ቃል?»

«በር ላይ ቆመህ ስትጮኸው ተሰምተሃል!»

«እንግዲያው ንገሩኝና፣ ብዬው እንደሆነ ላስታውስ።»

«ምስጢር ነው!» ብሎ አንዱ በጥፊ አጮለኝ።

ወላሂ፣ እንዲህ ነው የሆነው። ምስጢር ነውና አይነግሩኝም፤ ካልነገሩኝ ምኑን ልመን፤ ካላመንኩ ይገርፉኛል። የገረፉኝ ከዚያው ክፍል በተረፈ ሰማያዊ የኔትወርክ ገመድ ነው፣ አራት አጥፈው። ቀጭን ነው ብላችሁ አትናቁት፤ ቆዳ ይልጣል። የአንዱን ጣት እስከ አጥንቱ ነከስኩት። ያኔ ነው በጫማው ተረከዝ አፌን ያፈረሰው። የቀሩኝን ጥርሶች በምላሴ ቆጠርኩ።

ከዚያ ታደለን አመጡት። የበሩ ደፍ ላይ ቆመ።

«ይህ ሰው ቃሉን ሲናገር ሰምተሃል?»

ወለሉን እያየ፣ «አዎ፣ በየጠዋቱ» አለ።

አልዋሸም። ግማሹን እውነት ተናገረ። ሌላውን ግማሽ ቢጨምር እንጀራው ይቀርበት ነበርና የኔን ጥርስ ሰጣቸው። ስምንት ወር ታሰርኩ።

እስር ቤት አንድ የአዲጋላ አስተማሪ አፈሩ ላይ በጣቱ እየጻፈ ፊደል አስቆጠረኝ። የተማርኩት ለዕውቀት አይደለም፤ የተደበደብኩበትን ቃል ለማወቅ ነው። ከወጣሁም በኋላ ለዓመታት አቤት አልኩ። በመጨረሻ አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በሌላ ጥፋት ተይዞ ዶሴውን የደመሰሰው እሱ መሆኑን ተናዘዘ። የውሳኔው ወረቀት ሲመጣ ጸሐፊዋ፣ «ላንብብልህ?» አለችኝ።

«አያስፈልግም፣ እህቴ።»

በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። የምስጢር ቃሉ «ጉሬይ» የሚል ነበር፤ ሠራተኛው በግምት ሞክሮት በመጀመሪያው ሙከራ ነው የተከፈተለት። ሮብሌ ጥፋት የለበትም ይላል። ላሁህ ሻጯ ስትጠራው የምትውለውን ስም፣ ታደለ ቁልፍ አድርጎ በሦስት በር ዘግቶበት ኖሯል።

ዛሬ አዲስ አበባ ስለ ምስጢር አጠባበቅ ያስተምራል አሉኝ።

የባንኳ ልጅ ቃሌን ስጽፍ ፊቷን አዞረች፤ ጨዋ ናት። ምን እንደጻፍኩ አልናገርም። ታደለን ይቅር አላልኩትም፤ ወረቀት ጥርስ አያበቅልም። በወረቀቱ ግን ጉዳዩ ያለቀው ሚያዝያ 12 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው።