የእማማ አሰገደች መግነዝ

በዚህ ዕድሜዬ ጉልበቴ ከድቶኛል፣ ጥርሴም ግማሹ ጥሎኝ ሄዷል፣ አፍንጫዬ ግን እስካሁን አብሮኝ አለ። ባለፈው ሳምንት ልደታ ማርያም በር ላይ አንዲት ሴት አሪቲ ዘርግታ ስትሸጥ አይቼ፣ ጎንበስ ብዬ አሸተትኩና እንደጎበጥኩ ቀረሁ። ወገቡ ተይዞ ነው የሚለኝ አይጠፋም፤ ውሸትም አይደለም። ግን የእማማ አሰገደች ሳጥን ጭምር ተከፍቶብኝ ነው።

እማማ አሰገደች የአባቴ እናት ነበሩ። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር በነበረችው የጭቃ ቤታችን፣ አልጋቸው ሥር አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ነበራቸው፤ ውስጡም በአሪቲ ተከቦ የተቀመጠ ነጭ ጨርቅ። መግነዛቸው ነው። ጥጡን ራሳቸው ፈትለው፣ ለሸማኔ ሰጥተው ያሠሩት፣ ሲሞቱ የሚጠቀለሉበት ጨርቅ። «ሌላውን ሁሉ ሰው ያደርግልኛል፤ የመጨረሻ ልብሴን ግን በገዛ እጄ ነው» ይሉ ነበር።

መስከረም ሲጠባ፣ ክረምቱ እንዳያሻግተው ብለው ግቢው ገመድ ላይ ያሰጡት ነበር። ሌላው ቤት አንሶላና ጋቢ ሲሰጣ እኛ ቤት መግነዝ ይሰጣል። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች በአጥር ብቅ ብላ፣ «እማማ፣ እንዴት ያምራል! ይልበሱትና እንይልዎት እንጂ!» ስትላቸው፣ «ምን አጣደፈሽ? የለበስኩ ቀን መጠራትሽ አይቀር» ብለው ይመልሱላት ነበር።

በጋ በጋውን ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ይፈትላሉ፤ እንዝርቱ ጭናቸው ላይ ሲሾር ዓይኔን ነቅዬ አላውቅም ነበር። መፈተላቸው የማያልቀው ያሠሩትን መግነዝ ለሌላ ሟች ስለሚሰጡት ነው። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሸክም ተሸክሞ የሚያድር ዘመድ የለሽ ሰው ሞተ ሲባል፣ ሳጥኑን ከፍተው መግነዛቸውን ሰጡ። በዓመቱ ሌላ አሠርተው ገና ሳጥን ሳያስገቡት የሙስሊም ጎረቤታችን ባለቤት በድንገት ስታርፍ ያንንም ሰጡ፤ «ነጭ ነጭ ነው፤ ምን ልዩነት አለው?» አሉ።

እኔ ይህን ሁሉ አይቼ፣ የዚያን ዘመን ጭንቅላቴ በሚችለው መጠን አሰላሰልኩና አንድ ትልቅ ግኝት ላይ ደረስኩ፦ ትልልቆቹ ጨርቁን ለመገነዣ ከሳጥኑ ካወጡት ሰው ይሞታል። ካላገኙት አይሞትም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተምሬያለሁ፤ የዚያን ያህል የኮራሁበት ግኝት ግን የለኝም።

በሰባት ዓመቴ ክረምት እማማ ትኩሳት ያዛቸው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ እሳቸው ደግሞ ሲያቃስቱ፣ ሦስት ቀን እህል ሳይቀምሱ ቀሩ። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ እትዬ ዘነበች መጥታ ግንባራቸውን ዳሰሰችና፣ ለእናቴ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ያንን ሳጥን ከፈት አድርጊና ጨርቁን አናፍሺው እንግዲህ» አለቻት።

ሰማሁ። ሁለቱ ለመመካከር ወደ ደጅ ሲወጡ አልጋው ሥር ገብቼ፣ ሳጥኑን ከፍቼ፣ ከእኔ የሚረዝመውን ጨርቅ በብብቴ ሸጉጬ ማድ ቤት ሮጥኩ። ከከሰል ጆንያው የተሻለ መደበቂያ አልታየኝም፤ ብልህነቴ እስከዚያ ድረስ ነበር። ማድ ቤቱ እንደሚያፈስም አላሰብኩም።

ሳጥኑ ባዶ ሲገኝ ቤቱ ታመሰ። አባቴ «ሌባ ገብቷል!» እያለ ጓሮውን ዞረ፣ እናቴ ፍራሽ ገለበጠች፣ እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ ስፈልግ ዋልኩ፤ በየቀኑም ተደብቄ ጨርቁ መኖሩን ለማረጋገጥ ጆንያውን እዳስስ ነበር። በሳምንቱ፣ ምርምሬ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ይመስል፣ እማማ ተነሥተው ቁጭ አሉና አጥሚት ጠየቁ። አጥሚቱን እንደጨረሱ እኔን ጠሩ።

«ማሙሽ፣ ሳጥኔን ማን ከፈተው?»

«እኔ እንጃ።»

«እጅህስ ለምን ከሰል ነጋዴ መሰለ?»

አለቀስኩ። «እነሱ ካወጡት እኮ ይሞታሉ!»

ጨርቁ ከጆንያው ሲወጣ ዝናቡና ከሰሉ ተባብረው ጅብ አስመስለውት ነበር። እናቴ ጭንቅላቷን ያዘች፣ አባቴ ቀበቶውን መፍታት ጀመረ።

«ተወው!» አሉ እማማ፤ ከታመመ ደረት ያ ድምፅ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ አባቴ ቀበቶውን መልሶ አጠበቀ። «እናንተ ሳጥኔን ልትከፍቱ ስትማከሩ እንድኖር ያሰበ እሱ ብቻ ነው። ጆሮዬ አልታመመም እኮ!» ከዚያ ጨርቁን ገልበጥ አድርገው አዩትና እስኪያስላቸው ሳቁ። «እንግዲህ ከሰል ለብሼ ፈጣሪ ፊት አልቆምም። ሌላ እስክፈትል መኖሬ ነው።»

ኖሩም። ጥቅምት ላይ እንዝርታቸውን ያዙ፤ ፈትለው ሲጨርሱ ሌላ ሰው ይሞታል፣ ይሰጣሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ። አባቴን ቀበሩ፣ ሦስት መንግሥት ሸኙ፣ የእኔን ልጅ ዳሩ። እኔ ጎልማሳ ሆኜ፣ መነጽር አድርጌ፣ የቢሮ ሠራተኛ ተብዬ እንኳ፣ ሸማኔው ጨርቁን ባመጣ ቁጥር ሰበብ ፈልጌ ከቤት እወጣ ነበር፤ ለሌላ ሰው በሰጡት ቁጥር ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ደስ ይለኝ ነበር። ወደ መቶ ሲጠጉ ዓይናቸው ክሩን ማየት ቢሳነውም ጣታቸው ያውቀው ነበር። አንዲት ሴት ስንት ሰው አልብሳ ልትሸኝ እንደምትችል ሳስብ ዛሬም አፌን ከፍቼ እቀራለሁ።

አንድ የጥቅምት ቀን ምሳ በልተው፣ ጋደም ልበል ብለው፣ አልተነሡም። አስቀድመው ለእናቴ «ሳጥኑን ማሙሽ ይክፈተው» ብለዋት ነበር። ሽበት ያወጣሁት ማሙሽ አልጋው ሥር ገባሁ። አሪቲው ፊቴን መታኝ። ከላይ አዲስ ነጭ መግነዝ ነበር። ከሥሩ ደግሞ፣ ስንት ጊዜ ታጥቦ አመድ የመሰለ፣ የከሰሉ ጥላ ያልለቀቀው፣ ያ የሰረቅኩት ጨርቅ ታጥፎ ተቀምጧል።

የምትገንዛቸው ሴትዮ ነጩን ልታነሣ ስትል እናቴ እጇን ያዘቻት። «ቃላቸው ነው» አለች። «ጥቁሩ ለእኔ፣ ነጩ ለሌባው ብለዋል።»

የጭቃ ቤታችን ዛሬ የለም። እኔ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነኝ፤ ደረጃውን ስወጣ በየፎቁ የምቆመው ዕይታውን ለማድነቅ ነው እላለሁ። ነጩ መግነዝ ቁም ሣጥኔ ውስጥ፣ ባለፈው ሳምንት በገዛሁት አሪቲ ተከቦ ተቀምጧል። የልጅ ልጄ አይታው «አባባ፣ ይኼ አንሶላ ነው?» አለችኝ። ምን እንደሆነ ነገርኳት። ጨርቁን በጣቷ ነካ አድርጋ ወደ ጨዋታዋ ሄደች።

እዚህ ከሰል የለም፤ በጋዝ ነው የምናበስለው። መደበቂያ የሚሆን ጥግም ብዙ የለም። ጠዋት ጠዋት ቁም ሣጥኑን ከፈት አድርጌ አያለሁ፤ ጨርቁ እንደተቀመጠ ነው፣ ነጭ እንደሆነ። መልሼ እዘጋዋለሁ፤ ቁልፉን ግን የልጅ ልጄ እጅ እንዲደርስበት እላዩ ላይ እንደተሰካ እተወዋለሁ።