የወንድሜ ብስክሌት አዲስ ጎማ

እጄ ሥራ ሲፈታ ይበላኛል። ይህ ጠባይ ዛሬም አልለቀቀኝም፤ ሰው ቁጭ ብሎ ሲያወጋ እኔ የላላ ብሎን እፈልጋለሁ። በደርግ ዘመን ሐይቅ ከተማ ውስጥ የወፍጮ ሞተር አስነሺ ነበርሁ። ናፍጣ እየጠፋ ወፍጮው ሳምንት ሙሉ ዝም የሚልበት ጊዜ ብዙ ነው። ሴቶች እህላቸውን ተሸክመው ይመጡና የተዘጋውን በር አይተው፣ ለእኔም ለመንግሥትም የሚገባውን እርግማን ቀስ ብለው ተራግመው ይመለሳሉ። እኔ መፍቻዎቼን እየወለወልሁ እቀመጣለሁ። የወንድሜን ብስክሌት መነካካት የጀመርሁት እንዲያ ስቀመጥ ነው። ምነው እጄን በቆረጠው!

ብስክሌቱ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር የኖረ ርካሽ ዕቃ ነበር። ወንድሜ እጅ ከመግባቱ በፊት ካቴናው የሚዞርበት የኋላ ጥርሱ ተበላሽቶ፣ መለዋወጫ ያጣ አንድ በያጅ ጥርሱን ከጎማው መሐል ጋር በብየዳ አጣብቆታል። ስለዚህ ጎማው እስከዞረ ድረስ ፔዳሉም አብሮ ይዞራል፤ ቁልቁለት ላይ እግርን አሳርፎ መንሸራተት የሚባል ነገር የለም። ፍሬንም የለውም። ወንድሜ የሚያቆመው በእግሩ ጉልበት ነው፤ ፔዳሉ ወደ ፊት ሲገፋው እሱ ወደ ኋላ እየታገለው። ሌላ ሰው አይደፍረውም። አንድ ጊዜ እኔ ሞክሬ ቁልቋል ውስጥ ገብቻለሁ፤ ወንድሜ እሾኹን ከጀርባዬ ሲለቅም እየሳቀ «ጌታዋን ታውቃለች» አለኝ።

ወንድሜ በአምስት ዓመት ይበልጠኛል። ሐይቁ ዳር ያለችንን ማሳ የሚያርሰው እሱ ነው። ከዚያ ሌላ የሰፈራችን ቅሬ መልእክተኛ ነበር። ቅሬ እስላሙም ክርስቲያኑም ተባብሮ ሟቹን የሚቀብርበት ማኅበር ነው። ሰው ሲሞት የቅሬው ዳኛ ወንድሜን ያስጠሩታል፤ እሱም ብስክሌቱን ይዞ በየገጠሩ ላሉ ዘመዶች መርዶ ያደርሳል፤ እስከ ውጫሌ፣ ሲብስም ወደ አምባሰል መንደሮች። ወፍጮው ሲቆም መርዶው አይቆምም ነበር። ረኃቡም በሽታውም ሰዉን ይፈጅ ነበር፤ ወደ ሰሜን ጦርነት ከዘመቱት ልጆች የሚመጣው የሞት ወሬም ነበር።

ከእያንዳንዱ ጉዞ ሲመለስ ጉልበቱ አብጦ ይገባል። እናታችን ለብ ያለ ቅቤ እያሸችለት «ይህን የሸይጣን ብረት ወዲያ ጣልልኝ» ትለዋለች። እሱ «እሺ እማ» ይላል፤ በነጋታው ይነዳዋል።

እኔ መጀመሪያ ኮርቻውን ቀየርሁ። ከዚያ ካቴናውን፣ ከዚያ የተሰበረውን አንደኛውን ፔዳል። ዕቃ የሚያመጣልኝ ደሴ የሚመላለስ አንድ ሾፌር ነበር። ወንድሜ አዲሱን ኮርቻ በእጁ እየዳበሰ፦

«ኧረ ተወኝ አቦ! እንደ ሙሽራ አታስጊጣት፤ ሰው መርዶ ሳይሆን የሰርግ ጥሪ ይዤ የመጣሁ ይመስለዋል» አለኝ።

ይህ ለእኔ ምስጋና ነበር። ምስጋና ደግሞ እንደ ጠላ ይዞርብኛል፤ ሁልጊዜም እንዲሁ ነኝ።

አንድ ቀን ሾፌሩ ከአንድ አሮጌ ብስክሌት የወለቀ፣ ግን ጥርሱ ደህና የሆነ ሙሉ የኋላ ጎማ አመጣልኝ። ፔዳሉ ቢቆምም ጎማው ብቻውን የሚዞር፣ እንደ ሰው ሁሉ ብስክሌት ማለት ነው። ፍሬኑን በሚቀጥለው ሳምንት አመጣለሁ አለ። አእምሮ ያለው ሰው ፍሬኑ እስኪመጣ ይጠብቃል። እኔ አልጠበቅሁም።

ወንድሜ በዚያ ጧት ብስክሌቱን «ካቴናዋን አጥብቅልኝ» ብሎ ወፍጮ ቤት ትቶልኝ ወደ ማሳው ወርዷል። የተበየደውን ጎማ አውልቄ አዲሱን ገጠምሁ። ፔዳሉን በእጄ ወደ ኋላ ባዞርሁት ጊዜ ተር ተር እያለ በባዶው ዞረ። ደስ አለኝ፣ ብቻዬን ሳቅሁ። ከእንግዲህ ቁልቁለት ላይ ጉልበቱ ያርፍለታል። ሲመጣ ላሳየውና ፍሬኑ እስኪገባ እንዳይነዳት ልነግረው አሰብሁ። ብስክሌቱን በሩ ላይ አስደግፌ እጄን በአመድ ልታጠብ ወደ ጓሮ ዞርሁ።

ለካ በዚያው ሰዓት ታች ሰፈር አንዲት አሮጊት አርፈዋል፤ ወንድማቸው ውጫሌ ነው። ዳኛው ወንድሜን ከማሳው አስጠርተውታል። እጄን አራግፌ ስመለስ እሱ ጋቢውን ወገቡ ላይ አሸርጦ፣ ኮርቻው ላይ ወጥቶ፣ መንገዱን ይዟል። ያየሁት ጀርባውን ነው። ሃያ እርምጃ ቢርቀኝ ነው።

በእኛ አገር መርዶ የያዘ ሰው መንገድ ላይ ሰላም አይባልም። ከሁሉ በላይ ግን ከኋላው አይጠራም። ከጠሩት የተሸከመው ሞት ዞር ብሎ ጠሪውን ያያል፣ ቤቱንም ይለያል ይባላል። ሞኝነት ነው ትሉኝ ይሆናል። ሞተር ፈትቼ የምገጥም ሰው ነኝ፤ አምንበት እንደሆነ እንጃ፣ እፈራው ግን ነበር። ቤታችን ያለችው እናቴ ናት፤ ያን ሰሞን ደግሞ ሳሏ ጠንቶባታል።

አፌን ከፈትሁ። «አያ!» የምትለው ቃል ጉሮሮዬ ድረስ መጣች። ዋጥኋት።

ብልህ ነው፣ ጎማው መለወጡ ይገባዋል አልሁ ለራሴ። መዋሸቴ ነበር። ከከተማው እስከ ጋራው አፋፍ መንገዱ ዳገት ነው፤ ዳገት ላይ ሰው ፔዳሉን ሳያቋርጥ ስለሚመታ አዲሱ ጎማ ከአሮጌው አይለይም። ልዩነቱ የሚታወቀው ቁልቁለቱ ሲጀምር ነው። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ በዚያ ከተማ አልነበረም። በአቋራጭ ሮጬ ፊት ለፊቱ መቆም እችል ነበር፤ ከፊት መጥቶ ማቆምን ማንም አልከለከለም። ይህ ትዝ ያለኝ እሱ ከዓይኔ ከጠፋ በኋላ ነው። ያኔ መሮጥ ጀመርሁ።

አፋፉ ላይ ስደርስ ወታደር የጫኑ ሁለት መኪናዎች አልፈውኝ ወረዱ፤ ሳይቆሙ ሄዱ። ታች ጠመዝማዛው ጋ ሰው ተሰብስቧል። ወንድሜ ከመንገዱ በታች ድንጋዮቹ መሐል ወድቋል፤ ፊቱን በጋቢው ሸፍነውታል። አህያ የሚነዳ አንድ ነጋዴ ለመጣው ሁሉ ይናገራል፦

«ወላሂ አይቸዋለሁ! ፔዳሉን ወደ ኋላ ይመታው ነበር። ደጋግሞ፣ ደጋግሞ። ምን ሊያደርግ እንደሆነ አልገባኝም።»

እኔ ግን ገባኝ።

አሮጊቷ ወንድማቸው ሳይደርስላቸው ተቀበሩ። ወንድሜም ያንኑ ቀን ተቀበረ። ሰው ሁሉ «አሮጌ ብረት ነው፣ ከዳው» አለ፤ ብስክሌቱን የመረመረ የለም። እኔ ሌላ ሰው እስኪመረምር አልጠበቅሁም። በማግስቱ የተጣመመውን አዲስ ጎማ አውልቄ፣ የተበየደውን አሮጌ ጎማ በቦታው መልሼ፣ አዲሱን ሐይቁ ውስጥ ጣልሁት። እስካሁን የሚያሳፍረኝ ይህ ነው፤ ብሎኖቹን እንደ ወትሮው አድርጌ በጥንቃቄ ነው ያጠበቅሁት።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤቱ ሞልቶ ሳለ እናቴ ቀና አለች። ድምፅዋ አልቆ ነበር።

«ሲሄድ ያየው የለም? ከወፍጮ ቤቱ በር አይደል የተነሣው?»

የምትናገረው ወደ እኔ ይሁን ወደ ሰዉ አላወቅሁም። የቅሬው ዳኛ ሊያጽናኗት ጠጋ አሉ።

«እሜቴ፣ ያየው ቢኖርስ ማን ይጠራዋል? መርዶ የያዘ ሰው እኮ ነው። ከኋላ የጠራው እንደሆነ ሞት ጠሪው ቤት ይመጣል።»

እናቴ ሳሏ እስኪያልፍላት ቆየች።

«እኔ ብሆን እጠራው ነበር» አለች። «ሞት መጥቶስ? የሚያገኘው እኔን አይደል።»

ሰዉ ዱዓ አደረገ። እኔም እጄን ዘርግቼ አሚን አልሁ። እናቴ ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ዓመት ኖረች፤ አልነገርኋትም።