ያልነበረቻቸው እህት

ፊልሙን የሚሠሩት አራት ወጣቶች ናቸው። ካሜራው የውሰት ነው፤ መብራቱን ያሰሩት በልብስ መስቀያ ላይ ነው፤ ቦታው እሑድ እሑድ የምናስቀድስበት አዳራሽ ምድር ቤት። ታሪኩ በባዕድ አገር ጥገኝነት ስለምትጠይቅ አንዲት ሴት ነው። ዋና አዘጋጇ የዚሁ አገር ልጅ ናት። ከእኛ ከስደተኞቹ ታሪክ ስትለቅም ከርማ እኔም ጋ መጣች። የራሴን ታሪክ የራሴ ነው ብዬ መንገር ፈራሁና "ባገሬ ከተማ ሲወራ የሰማሁት ነው" ብዬ የአንዲት ጸሐፊ ነገር አወጋኋት። ወደደችው። ጽፋው መጣችና "ጸሐፊዋን አንቺ ሁኚልኝ" ብላ ወረቀቱን እጄ ላይ አስቀመጠች።

ጸሐፊዋ እኔ ነኝ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ትምህርቴን ጨርሼ ሐረር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የባለጉዳይ ቃል እንድጽፍ የተቀጠርኩ ሰሞን። ቤታችን ፈረስ መጋላ፣ ከመድኃኔ ዓለም ጀርባ ነበር። በግንብ የምንዋሰናቸው ሐጂ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ከስፌት መኪናዎቹ ጩኸት የተነሣ መኪና ግርግር በምንለው መንገድ ላይ ይሠራሉ። የመጀመሪያዬን የተማሪ ልብስ የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው፣ እንዳድግበት ብለው ጫፉን አራት ጣት አጥፈው። በአረፋ በዓል ለእኛ ቤት ሥጋ አይልኩም። በግ ከነነፍሱ ጎትተው ያመጡና እናቴን "በራሳችሁ እጅ፣ በራሳችሁ ቢላዋ" ይሏታል። እነሱ ያረዱትን እኛ እንደማንበላ ያውቃሉ። ሰው ለሌላው ሃይማኖት እንዲህ ሲጠነቀቅ ያየሁት መጀመሪያ በሳቸው ነው።

እህት እንደሌላቸውም ያወቅሁት ከራሳቸው አፍ ነው። "አምስት ወንድ ነን። አላህ እህት አልሰጠንም፣ አንቺን በጎረቤት ላከልን" ይሉኝ ነበር።

በፍልሰታ፣ ሐጂ አንዲት ሴት ይዘው ቢሮአችን መጡ። ከድንበር ማዶ የሸሸች ናት። ሕፃን አዝላለች፤ አንድ እግሯ ጫማ አለው፣ ሌላው በጨርቅ ተጠቅልሏል። ባሏን የገደሉት ሰዎች እሷንም ይፈልጓታል። የዚያ ሰሞን ትእዛዝ ደግሞ ከድንበር የመጣ ሰው በከተማው የሥጋ ዘመድ ካለው ይቆይ፣ ከሌለው ይመለስ የሚል ነበር።

"የእህቴ ልጅ ናት" አሉ ሐጂ።

አለቃዬ ሻምበሉ ሊፈርሙ ብዕራቸውን አንስተዋል። ለወጉ ያህል ወደ እኔ ዞር አሉ። "አንቺ ጎረቤታቸው አይደለሽ? እህት ነበራቸው?"

በዋዜማው ቆርቤ ነበር። "አዎ" ማለት ይቻል ነበር። "አላውቅም" ማለትም ይቻል ነበር። ሁለቱም ውሸት ናቸው፤ ሥጋ ወደሙን የተቀበለ አፌን በውሸት አላረክስም አልኩ በሆዴ። ሐጂ ወደ እኔ አላዩም፤ ቆባቸውን ያስተካክሉ ነበር። እንደማላሳፍራቸው እርግጠኛ ስለነበሩ ይመስለኛል።

"እህት የላቸውም፣ ጌታዬ።"

ብዕሩ ቆመ። "አንቺ ልጅ፣ አሁን ማን ተናገሪ አለሽ?"

"ጠየቁኝ እኮ፣ ጌታዬ።"

"መጠየቁንማ ጠየቅሁ!" ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት። "ይህ ሁሉ ሰው በሰማበት እንግዲህ ምን ላድርግ?"

ሴትየዋ አማርኛ አታውቅም። ምን እንደተባለ ከፊታችን ልታነብ ሁላችንንም በየተራ አየችን። እኔ ላይ ስትደርስ ፈገግ አለች። ሴት በመሆኔ የተናገርኩላት መስሏታል።

በማግሥቱ በጭነት መኪና፣ በጅጅጋ መንገድ መለሷት። ከዚያ ወዲያ ምን እንደደረሰባት አላውቅም። ጠይቄም አላውቅም፤ መጠየቅ እችል ነበር።

የንስሐ አባቴ ሰምተው ሲያበቁ "እውነት ነው የተናገርሽው" አሉኝና ቀኖና ሳይሰጡኝ ቀሩ። ስግደት ቢያዙኝ ሰግጄ እገላገል ነበር።

አረፋ ደረሰ። በራችን ተንኳኳ፤ ሐጂ ናቸው፣ በጉን በገመድ ይዘው።

"እናትሽ የለችም? ንገሪያት እንግዲህ። በራሳችሁ እጅ፣ በራሳችሁ ቢላዋ።"

ይቅር በሉኝ ልል አፌን ስከፍት በጉ አምልጦ የእናቴ ጎመን ውስጥ ገባ። "ያዢው! ኧረ ያዢው እንጂ፣ ጎመኑን ጨረሰው!" ብለው ሳቁ። ሮጬ ያዝኩት። ቀና ስል ሄደዋል። ከዚያ ሥጋ አልቀመስኩም፤ እናቴ "ዛሬ ደግሞ የምን ጾም አመጣሽ?" አለችኝ።

ከዓመታት በኋላ በተራዬ ተሰደድኩ። የዚህ አገር ሹም እዚህ ዘመድ እንዳለኝ ሲጠይቀኝ፣ ከተዋወቅን ወር ያልሞላን ያገሬ ልጅ "የአክስቴ ልጅ ናት" ብላ ፈረመችልኝ። አክስት የላትም። ሹሙ እኔን አየኝ። ዝም አልኩ። ያኔም ጾም ነበር።

ምድር ቤቱ ውስጥ መብራቱ በራ። ተራዬ ደረሰና በነሱ ቋንቋ "እህት የላቸውም፣ ጌታዬ" አልኩ።

"ግሩም ነው!" አለች አዘጋጇ። "ፊትሽ ላይ ምንም አይነበብም። ልክ እንዲህ ነው የምፈልገው፤ ሴትዮዋ ጨካኝ ናት።"

"ጨካኝ አልነበረችም" አልኳት። "ትጾም ነበር።"

ከካሜራው ቀና አለች። "ታውቂያታለሽ እንዴ?"

"አላውቃትም።"

ሐረር ላይ አላውቅም ማለት አቅቶኝ ነበር። እዚህ ሳያደናቅፈኝ ወጣ።

"በይ፣ አንዴ ደግሞ" አለች። ስደተኛዋን የምትጫወተው ተማሪ በጀርባዋ ያዘለችውን አሻንጉሊት አስተካክላ ቆመች። ሁላችንንም በየተራ አየችና እኔ ላይ ስትደርስ ፈገግ አለች። ልታበረታታኝ ይሆናል፤ ያን የሐረሩን ፈገግታ ለአዘጋጇም ለማንም ነግሬ አላውቅም።

"እህት የላቸውም፣ ጌታዬ" አልኩ።